እንግሊዝኛን በቅጣት መማር ይቻላልን?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፥ ከካፋ የመጡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን በመወከል የተነገረ)



የእንግሊዝኛ ክበባችን ያቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በማታው የጥናት ክፍል ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የተናገረ ተማሪ ለእያንዳንዱ ጊዜ አምስት ብር ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለመዝገበ ቃላት መግዣ ይውላል ይላል። ሐሳቡን ያመጡት ጓደኞቻችን በቅን ልቡና መሆኑን አንጠራጠርም። መዝገበ ቃላቱም ያስፈልገናል። ዳሩ ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እኛ የካፋ ልጆች የምንለው አለን። እንግሊዝኛ አያስፈልግም የሚል ሰው ከመካከላችን አይገኝም። የምንለው፥ በቅጣት የሚገኘው ዝምታ እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም ነው።

በመጀመሪያ እዚህ ግቢ በምን መንገድ እንደ ደረስን እንንገራችሁ። ከጊምቦ፥ ከዴቻ፥ ከጨና፥ ከጌሻ፥ ከአድዮ የመጣን ነን። ቋንቋችን ካፊ ኖኖ ይባላል። ኖኖ ማለት አፍ ነው፤ ስለዚህ የቋንቋችን ስም የካፋ አፍ እንደ ማለት ነው። ከገጠር የመጣነው የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች የተማርነው በዚሁ በአፋችን ነው፤ ይህም የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ካለ በኋላ የመጣ ነው። እንግሊዝኛንም በዚያው ፖሊሲ መሠረት ከአንደኛ ክፍል ጀምረን እንደ አንድ ትምህርት ተማርነው። አምስተኛ ክፍል ስንደርስ ግን ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ሳይንሱም፥ ሒሳቡም፥ ኅብረተሰቡም እንግሊዝኛ ሆነ። በኦሮሚያና በትግራይ የነበሩ እኩዮቻችን እስከ ስምንተኛ ክፍል በቋንቋቸው ሲማሩ፥ የአዲስ አበባዎቹም እስከ ስድስተኛ በአማርኛ ሲቀጥሉ፥ በቀድሞው የደቡብ ክልል የነበርነው ወንዙን ከሁሉ ቀድመን ተሻገርን። ቀድሞ መሻገር ቀድሞ መድረስ ከሆነ ዛሬ ከሁሉ የተሻልን በሆንን ነበር!

የሆነውን ግን እናውቀዋለን። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በአማርኛ ያስረዳል፤ እኛ እርስ በርሳችን በካፊ ኖኖ እንጠያየቃለን፤ ከዚያም ሰሌዳው ላይ ያለውን በደብተራችን እንገለብጣለን። ከአምስተኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲህ ኖርን። ከዚህም የተነሣ እንግሊዝኛ ለእኛ የእጅ ቋንቋ ነበር እንጂ የአፍና የጆሮ ቋንቋ አልነበረም። እጃችን ይጽፈዋል፤ አፋችን አያውቀውም። አሁን በአንደኛ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ይኸው ነው፤ ቅጣቱም የታሰበው ለዚሁ ተማሪ ነው።

ስለ ፊደሉ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ስለሆነ። ካፊ ኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያማ እንግሊዝኛ ይቀላችኋል» ይለናል። በከፊል እውነት ነው፤ በፊደሉ መልክ አንቸገርም። ችግሩ መልኩ አንድ ሆኖ ድምፁ ሁለት መሆኑ ነው። የላቲኑን የመጀመሪያ ፊደል እኛ «አ» እንለዋለን፤ እንግሊዝኛው «ኤይ» ይለዋል። አምስተኛውን እኛ «ኤ» ስንለው እንግሊዝኛው «ኢ» ይለዋል። ዘጠነኛውን እኛ «ኢ» ስንለው እንግሊዝኛው «አይ» ይለዋል። እንግዲህ መምህሩ አዲስ ቃል ሊያስጽፈን ፊደላቱን እየጠራ «ኢ» ባለ ቁጥር፥ እሱ አምስተኛውን ፊደል ማለቱ ሲሆን የእኛ እጅ ዘጠነኛውን ይጽፋል። ቃሉ ተበላሸ፤ በመዝገበ ቃላትም ብንፈልገው አይገኝም።

የቋንቋችን ስም ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ኖኖ» ብለን ስንጽፍ የኦን ፊደል ሁለት ጊዜ እንደግመዋለን፤ በእኛ ሥርዓት አናባቢ ሲደገም ድምፁ ይረዝማል፤ ተነባቢ ሲደገም ይጠብቃል። የዚህኑ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ብቻ ወስዳችሁ ለእንግሊዝ ብትሰጡት «ኑን» ብሎ ያነባቸዋል፤ ቀትር ማለት ነው። የካፋ ልጅ ግን «ኖን» ብሎ፥ ኦውን አስረዝሞ ያነባል። ከኦሮሚያ የመጣችሁ ጓደኞቻችን በቁቤ ስለ ተማራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከወላይታ የመጣችሁም እንዲሁ። በክፍል ውስጥ እንዲህ ያነበበ ተማሪ ሲሣቅበት ዐይተናል። የሣቀው ግን አላስተዋለም እንጂ ያ ተማሪ የተማረውን ደንብ አክብሮ ነው ያነበበው። ደንብ የማያከብረው እንግሊዝኛው ነው!

ይህን ልዩነት ማን አስረዳን ብትሉ፥ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በአንድ ማታ፥ በዶርማችን ውስጥ፥ በካፊ ኖኖ አስረዳን። በደብተር ላይ ሁለት መስመር አሰመረና በአንዱ በኩል እኛ የምንለውን፥ በሌላው በኩል እንግሊዝ የሚለውን ጻፈ። ከዓመታት ልፋት በኋላ በአንድ ሰዓት ገባን። በቀረበው ሐሳብ መሠረት ቢሆን ኖሮ ያ ወንድማችን ለዚያች ማታ ስንት አምስት ብር ይከፍል ነበር?

ሁለተኛው ችግር የጆሮ ነው። በካፊ ኖኖም ሆነ በአማርኛ ግሱ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል። የምናዳምጠው መጨረሻውን እየጠበቅን ነው፤ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ምን እንዳለ አናውቅምና። በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ትምህርት ላይ «የደን መመንጠር የአፈር መሸርሸርን ያስከትላል» የሚለውን ሐሳብ እንግሊዝኛው «የደን መመንጠር ያስከትላል የአፈር መሸርሸርን» ብሎ ያስቀምጠዋል። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ሲሆን ምንም አይደለም። ረጅም ሲሆን ግን ግሱ ገና ከመጀመሪያው ይነገርና የቀረው ሁሉ ጭራ ሆኖ ይከተላል። እኛ ሙሽራውን ከሠርገኛው ኋላ ስንጠብቅ እሱ አስቀድሞ ገብቶ ተቀምጦአል። መምህሩ ሌላ ዐረፍተ ነገር ሲጀምር እኛ ገና የፊተኛውን ግስ እንፈልጋለን። በፈተናም ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» የሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችንን የሚጥለው በዚሁ ምክንያት ነው። አማርኛው አፍራሹን በግሱ ላይ አስሮ ያቀርብልናል፤ እንግሊዝኛው ግን «ኖት» የምትባለዋን ትንሽ ቃል በመካከል ጣል አድርጎ ያልፋል። ዐዋቂው ተማሪ መልሱን እያወቀ ተቃራኒውን ይመርጣል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያቃናው መልመጃ ነው፤ መልመጃውም አስቀድሞ ችግሩ የት እንዳለ በሚገባን ቋንቋ መነገርን ይሻል። የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት ለማየት ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ሀገር ሄደን እንመለስ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ይሄዱ ነበር። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሊሆን የሄደው ወጣት በቀጥታ ወደ ሕክምናው ወይም ወደ ምሕንድስናው አይገባም ነበር። በመጀመሪያ በመሰናዶ ፋኩልቲ አንድ ዓመት ሩስኛ ይማራል። ሩስኛ ቀላል ቋንቋ አይደለም፤ ፊደሉ ሌላ ነው፤ ስሙም እንደ አገባቡ ስድስት ዓይነት መልክ ይለዋውጣል። የሆነ ሆኖ ዩኒቨርሲቲው ቋንቋውን የተማሪው የግል ጣጣ ነው አላለም፤ የራሱ ሥራ አድርጎ ዓመት ቆጠረለት። ከዚያም በኋላ ተማሪው ዳቦ ሲገዛ፥ ባቡር ሲሳፈር፥ ሲታመም ሩስኛ ይናገራል። መንገዱ ራሱ መምህሩ ነበር።

የእኛን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በሀገራችን የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመር ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርሶች ተሰጡን፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። ዳሩ ግን ኮርሶቹ የሚሰጡት ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን ነው። ሎጂኩም፥ ሳይኮሎጂውም፥ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ በዚያው ሳምንት ይመጣሉ። ዋና መማርና ወንዝ መሻገር በአንድ ጊዜ ሆኑ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያም ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት መጣ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ያልገባው ተማሪ ዕውቀቱ ተመዘነ ማለት ያስቸግራል።

መንገዱስ? ከግቢው በር ወጥተን የምናገኘው የቦንጋ ገበያ ነው። ማር፥ ኮረሪማ፥ ጥምዝ፥ ቡና ይሸጣል፤ ዋጋ የሚቆረጠው በካፊ ኖኖ ወይም በአማርኛ ነው። ቢሮ ብንሄድ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የምንሰማው ከመምህራችን አፍና ከእጅ ስልካችን ብቻ ነው። የጎደለን እንግሊዝኛ የሚነገርበት መንገድ ነው፤ የአምስት ብር ቅጣት ደግሞ መንገድ አይሠራም። ያለውን ንግግር ይዘጋል እንጂ የሌለውን አያመጣም። የሚከፍለውስ ማን ነው? እንግሊዝኛ የሚችለው አይከፍልም። ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው፥ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ያለው ነው የሚከፍለው። እሱም ሁለት ቀን ከከፈለ በኋላ በሦስተኛው ቀን አፉን ይዘጋል፤ በአራተኛው አይመጣም። በአንዳንድ ትምህርት ቤት በልጅነታችን ይህን ዐይተነዋል። የቋንቋ ሰላይ የሚባል ልጅ ይሾምና በእረፍት ሰዓት የተናገረውን ሁሉ ይመዘግብ ነበር። የተማርነው ነገር ቢኖር ሰላዩ ሲመጣ ዝም ማለትን ነው።

ይህን ስንል የተቃራኒውን ወገን ክርክር ንቀን አይደለም። ከሶማሌ ክልል የመጣ አንድ ወንድማችን በመጨረሻው ስብሰባ ላይ የተናገረው ልባችንን ነክቶታል። «እናንተ በአማርኛ ስትሣሣቁ እኔ እንግዳ ነኝ፤ እንግሊዝኛ ግን ለሁላችንም እኩል ባዕድ ስለሆነ ማንም ባለቤት አይሆንበትም» አለ። እውነት ነው። መምህራችንም ትምህርቱ ሲከብድ ወደ አማርኛ ሲያዘነብሉ ግማሹ ክፍል እፎይ ሲል ግማሹ ይጠፋል፤ ይህን በአክብሮት እናመለክታለን። ስለዚህ የጋራ በሆነው ሰዓት ሁሉም በእንግሊዝኛ ይነጋገር በሚለው እንስማማለን። የማንስማማው ለዚያ ሰዓት መዘጋጃ የሚሆነውንም ጊዜ አፍ በማስያዝ ነው።

እንግሊዝኛን ለምን እንደምንፈልገውም እንንገራችሁ፤ ፈረንጅ ለመምሰል አይደለምና። የቋንቋችንን ሰዋስው በመጽሐፍ ለማንበብ የፈለገ የካፋ ልጅ የሚያገኘው ሊዮ ራይኒሽ በ1888 በቪየና በጀርመንኛ ያሳተመውን፥ ወይም ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 በጣልያንኛ ያወጣውን ነው። ስለ ሕዝባችን ሰፊውን መጽሐፍ የጻፈው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር ነው፤ በ1905 ካፋን ጎብኝቶ በ1920ና በ1923 በሁለት ክፍል በጀርመንኛ አሳተመው። (እነዚህ ዓመታትና ከዚህ በታች ያሉት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሁሉም የሚያስገርመው የመስኮቡ መኮንን የአሌክሳንደር ቡላቶቪች ነገር ነው። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ከተማረከ በኋላ፥ በ1898 ቡላቶቪች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከካፋ ተነሥቶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ተጓዘ። ያየውንም በሩስኛ ጽፎ በ1900 በሴንት ፒተርስበርግ አሳተመ። መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በ2000 ነው። እንግዲህ አያቶቻችን በዐይናቸው ያዩትን ዘመን እኛ የምናነበው ሩስኛ ተናጋሪ የጻፈውን በእንግሊዝኛ ነው። እሱ ያየው ካሸነፈው ጦር ጋር ሆኖ ነውና የጻፈው ሁሉ እንደ ወረደ የሚታመን አይደለም፤ መልስ የሚሻ ነገር አለበት። መልሱን ለመጻፍ ግን በመጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ደናችንም ቢሆን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው ጥናት በእንግሊዝኛ ነው። ደኑ ውስጥ ቀፎ የሰቀለው አባታችን ስለ ደኑ የተጻፈውን አያውቅም፤ ጥናቱን የጻፈው ሰው ደግሞ አባታችን የሚያውቀውን በአስተርጓሚ ነው የሰማው። በመካከላቸው ሊቆም የሚችለው ከእኛ ሌላ ማን ነው?

ስለዚህ በቅጣቱ ፈንታ እኛ የሞከርነውን እናቀርባለን። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ዐሥራ ሁለት ሆነን ማታ ማታ ስንገናኝ ነበር። ደንባችን እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማንም በፈለገው ቋንቋ ይዘጋጃል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ በሚገባ ስለሚያውቀው ነገር በእንግሊዝኛ ይናገራል። በሚገባ ስለሚያውቀው የሚለው ቃል ከባድ ነው። ስለማያውቁት ነገር በማያውቁት ቋንቋ መናገር ሁለት ጊዜ መደናገር ነው።

አንዲት የዴቻ እኅታችን በክፍል ውስጥ አንድም ቀን ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ተራዋ ሲደርስ ስለ ቆጮ እንድትናገር ለመንናት። ተዘጋጀች። እንሰቱ እንዴት እንደሚቆረጥ፥ እንዴት እንደሚፋቅ፥ ጉድጓዱ ውስጥ እንዴት ተሸፍኖ እንደሚቀመጥ በካፊ ኖኖ ነገረችን፤ አማርኛውን አብረን ፈለግን፤ ከአማርኛው ወደ መዝገበ ቃላት ሄድን። «ማብላላት» የሚለውን ስንፈልግ «ፈርመንቴሽን» የሚል አገኘን። ይኸው ቃል በባዮሎጂ ሀንድአውታችን ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናነበው የነበረ፥ ለፈተናም በቃላችን ያጠናነው ነበር! ማንኛችንም ግን ያ ከባድ ቃል በእናቶቻችን ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ነገር መሆኑን አላሰብንም። እኅታችን ከዚያ በኋላ ተነሥታ ወደ ዐሥር ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ ተናገረች። ሰዋስውዋ ልክ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን የምትለውን ታውቅ ስለ ነበር አልቆመችም። የእንሰት ሳይንሳዊ ስምም ከሀገራችን ቃል የተወሰደ መሆኑን ስንነግራት ሣቀች። (ስለ «ኮፊ» ቃል ግን አትጠይቁን፤ ገሚሱ ከካፋ መጣ ይላል፤ ገሚሱ ከዐረብኛው ቀህዋ ያመጣዋል፤ እኛ በቤታችን የምንለው ቡኖ ነው።)

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የዕለቱን ዐሥር ያህል ዋና ዋና ቃላት በሰሌዳው ላይ ይጻፉልን። ጆሮአችን ያላወቀውን ዐይናችን ይይዘዋል፤ በእጅ መማር ለምደናልና። ለካፋ ልጆችም የምንለው አለን። ጓደኛችሁ ሲሳሳት የምትሥቁ እናንተ ናችሁ፤ ከሰላሌና ከጎጃም የመጣው አይሥቅም፤ የሚሥቀው የሀገሩ ልጅ ነው። ሣቅ ከአምስት ብር ይበልጥ ያስከፍላል።

መዝገበ ቃላቱን በተመለከተ፥ ገንዘቡን በቅጣት ፈንታ በመዋጮ እናግኘው። ከእያንዳንዳችን በወር ሁለት ብር ቢሰበሰብ ከቅጣቱ የበለጠ ገቢ ይሆናል፤ ዝም ያለ ተማሪ ቅጣት አይከፍልምና።

የእኛ ምድብ ማክሰኞና ሐሙስ ከእራት በኋላ ይሰበሰባል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የእጅ ስልክ መብራት ይዛችሁ ኑ። በሚመጣው ማክሰኞ የጌሻ ወንድማችን ቀፎ በዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል ይናገራል፤ ሐሙስ ደግሞ ከላይ የጠቀስነው የሶማሌ ክልል ወንድማችን ስለ ግመል ወተት ለመናገር ፈቅዶልናል። ጥያቄ ያለው በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፤ ያቃተው በሚችለው ቋንቋ ይጠይቅና አብረን እንተረጉምለታለን።